አዲስ የሙዚቃ ኮሜዲ ለመድረክ፦ ቡድኑን ከዜሮ ለማዋቀር ዝርዝር መመሪያ

እ.ኤ.አ. በ2019 ለንደን ውስጥ ኒው ዳዮራማ የሚባል 80 መቀመጫ ያለው ትንሽ ቴአትር ቤት አንድ አዲስ የሙዚቃ ኮሜዲ አቀረበ። ርዕሱ «ኦፐሬሽን ሚንስሚት» ነው። መድረክ ላይ የሚወጡት አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው። አምስቱ ተቀባብለው ከ80 በላይ ገጸ ባሕርያትን ይጫወታሉ። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ተዋንያን ሦስቱ ደግሞ ድርሰቱን የጻፉትም ራሳቸው ነበሩ። ተውኔቱ በ2023 የለንደን ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ወዳሉበት ሰፈር፣ ወደ ዌስት ኤንድ ገባ። በ2024 በእንግሊዝ ትልቁ የቴአትር ሽልማት በኦሊቪዬ ምርጥ አዲስ ሙዚቃዊ ተውኔት ተባለ። በ2025 የኒው ዮርኩ ብሮድዌይ ደረሰ።

ከታዋቂ ፊልም የተሠራ ሙዚቃዊ ተውኔት ስሙ ራሱ ቲኬት ይሸጥለታል። አዲስ የተፈጠረ ኮሜዲ ግን ይህ የለውም። ተመልካቹ ታሪኩን አያውቅ፣ ዘፈኑን አያውቅ፣ ያስቅ አያስቅ አያውቅ። ያላችሁ ሀብት ቡድናችሁ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚያወራው በዋናነት ስለ ሰዎቹ ነው፦ ማን ይግባ፣ መቼ ይግባ፣ ምን ይሥራ፣ የቱ ጋ ዝም ይበል። የቴአትር ተማሪ ሁኑ፣ የትምህርት ቤት ክበብ ይኑራችሁ፣ ወይም ውጭ አገር ያለ የማኅበረሰብ ቡድን ምሩ፣ አካሄዱ ያው ነው።

1. በሦስት ወይም በአራት ሰው ጀምሩ

«ኦፐሬሽን ሚንስሚት»ን የፈጠረው ቡድን ስፒትሊፕ ይባላል። አባላቱ አራት ናቸው፦ ዴቪድ ከሚንግ፣ ናታሻ ሆጅሰን፣ ዞዊ ሮበርትስ እና ፊሊክስ ሄገን። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቀድሞም ኪል ዘ ቢስት በሚባል ቡድን አብረው ኮሜዲ ሠርተዋል። አንዱ የሌላውን ቀልድ ገና ሳያልቅ ያውቁታል። ሄገን የራሱ ባንድ ያለው ሙዚቀኛ ነው፤ መድረክ ላይ አይወጣም። ይህ ቅልቅል በደንብ የታሰበበት ይመስለኛል። ሦስት የሚግባቡ የኮሜዲ ሰዎች፣ አንድ ጆሮው ከቴአትር ውጭ ያደገ ሙዚቀኛ። ተውኔቱ ውስጥ ሂፕሆፕም፣ የመርከበኞች ዘፈንም፣ የወጣት ወንዶች ፖፕ ባንድ ዓይነት ጭፈራም ጎን ለጎን የሚሰማው ለዚህ ነው።

ሃያ ሰው ሰብስባችሁ «ኮሚቴ» አታቋቁሙ። ቀልድ በኮሚቴ አይጻፍም። የሚያስፈልጋችሁ ሦስት ችሎታ ነው፦ ታሪክ አያይዞ የሚሄድ ሰው፣ ዜማ የሚያወጣ ሰው፣ ተነስቶ አድርጎ የሚያሳይ ሰው። ሁለቱ ችሎታ አንድ ሰው ላይ ከተገኘ ደግሞ እሰየው።

ከመወሰናችሁ በፊት ሰዎቹን ፈትኗቸው። አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቧቸውና ስለ ተራ ነገር የሁለት ደቂቃ ዘፈን እንዲሠሩ አድርጉ። ለምሳሌ ቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ሰልፍ ስለያዘ ሰው ይሁን። የዘፈኑ ጥራት ለጊዜው አያሳስባችሁ። የምታዩት ሌላ ነገር ነው፦ የተሻለ ቀልድ ሲመጣ የራሱን ቀልድ ሳያኮርፍ የሚጥል ማን ነው? ያን ሰው ያዙት። የራሱን ቀልድ እየደጋገመ «አልገባችሁም እንጂ» የሚለውን ደግሞ በሰላም ሸኙት። ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ለብቻው ይሥራ።

አጀማመሩ ትንሽ ቢሆን አትፈሩ። «ዘ ድራውዚ ቻፐሮን» የሚባለው የካናዳ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1998 ቶሮንቶ ውስጥ የተጀመረው ጓደኛሞች ለሚያገባ ጓደኛቸው ግብዣ ባዘጋጁት ጨዋታ ነው። የሙሽራውና የሙሽሪት ገጸ ባሕርያት ስም ሳይቀር የእውነተኞቹ ሙሽሮች ስም ነው፦ ሮበርት ማርቲንና ጃኔት ቫን ደ ግራፍ። ሙሽራው ቦብ ማርቲን ቆይቶ ራሱ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሆነ፣ በመድረኩም ተራኪውን ተጫወተ። ሥራው በ2006 ብሮድዌይ ገብቶ የብሮድዌይ ትልቁን ሽልማት፣ ቶኒን፣ አምስት ጊዜ ወሰደ። ለሠርግ ግብዣ የተሠራ ቀልድ ነው እንግዲህ!

2. ገና ሳትስቁ ተፈራረሙ

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል። «እኛ እኮ ጓደኛሞች ነን» ይባላል። ነገሩ የሚነሳው ገንዘብ ሲመጣ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የኮሚክ ኦፔራ ንጉሦች ገጣሚው ጊልበርትና ዜማ ደራሲው ሰሊቫን ነበሩ። ፕሮዲዩሰራቸው ዶይሊ ካርት ለነሱ ሥራ ብሎ ለንደን ውስጥ የሳቮይ ቴአትርን ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1890 ጊልበርት የወጪ ሰነዱን ሲያይ ለቴአትር ቤቱ ምንጣፍ 500 ፓውንድ ተይዟል። «የቤቱ ምንጣፍ ከኛ ድርሻ የሚቀነሰው በምን ሒሳብ ነው?» ብሎ ተነሳ። ሰሊቫን ከፕሮዲዩሰሩ ጎን ቆመ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በኋላ ታርቀው ሁለት ሥራ ቢሠሩም የድሮው ስኬት አልተመለሰም። ምንጣፍ ነው ያጣላቸው።

ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፣ ግን እነዚህ ይኑሩበት። ከገቢው ለድርሰት፣ ለግጥም፣ ለዜማ፣ ለቅንብር ስንት ስንት ይደርሳል? ከድርሻ ክፍፍል በፊት የሚቀነሱት ወጪዎች የትኞቹ ናቸው? አንድ ሰው መንገድ ላይ ቢወጣ የጻፈው ይቀራል ወይስ ይዞት ይሄዳል? የቡድኑ ስም የማን ነው? ሁለት ለሁለት ብትከፈሉ ማን ይወስናል? አንዷን ጥያቄ ደግሞ በተለይ አትርሷት፦ ተዋናይ በልምምድ ላይ ከራሱ ያመጣት ቀልድ ድርሰቱ ውስጥ ብትገባ የማን ትባላለች? በኮሜዲ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲንም የከዋኝንም መብት ያነሳልና አንብቡት።

3. ታሪኩ ቀልድ አይሁን

ጀማሪ ቡድን የሚያስቅ ታሪክ ይፈልጋል። የሚያዋጣው ግን ከባድ ታሪክ ነው።

«ኦፐሬሽን ሚንስሚት» የተመሠረተው በእውነተኛ ታሪክ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የእንግሊዝ ስለላ ሂትለርን ለማሳሳት አንድ አስከሬን ወሰደ፣ የመኮንን ልብስ አለበሰው፣ «ሜጀር ዊልያም ማርቲን» ብሎ ስም አወጣለት፣ የሐሰት የጦር ሰነድ አስይዞ ስፔን ዳርቻ ሁኤልቫ አካባቢ ባሕር ላይ ለቀቀው። ሰነዱ የእንግሊዝና የአጋሮቿ ጦር የሚያርፈው ግሪክና ሰርዲኒያ እንደሆነ ይጠቁም ነበር። ጀርመኖች አመኑ። ወረራው የመጣው ግን በሲሲሊ ነው። አስከሬኑ የግሊንድወር ማይክል ነበር፤ የአይጥ መርዝ በልቶ የሞተ ቤት አልባ የዌልስ ሰው።

አያችሁ፣ ታሪኩ ራሱ ሞት አለበት፣ ጦርነት አለበት፣ የድሃ ሰው ሬሳ አለበት። ሳቁ የሚመጣው እነዚያ ኩሩ መኮንኖች እብደት የሚመስል ዕቅድ በታላቅ ቁም ነገር ሲያወሩ ነው። ሰዎቹ አይቀልዱም። እኛ ነን የምንስቀው። እናንተም ታሪክ ስትመርጡ ይህን ጠይቁ፦ ገጸ ባሕርያቱ የምር የሚፈልጉት ነገር አለ? ቢያጡት የምር ይጎዳሉ? መልሱ አይ ከሆነ በእጃችሁ ያለው የአሥር ደቂቃ ጭውውት ነው። ሁለት ሰዓት አይሸከምም።

በነገራችን ላይ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ተብሎ የሚጠራው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሥራ ኮሜዲ ነው፦ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»። የአውሬ ተረት ነው ቢባልም ቀልዱ ሰዎቹን ስለነካ ታገደ።

ታሪኩ ከተያዘ በኋላ ዘፈኖቹ የት እንደሚገቡ ወስኑ። መለኪያው ቀላል ነው። ዘፈኑን አውጡትና ታሪኩን አንብቡ። ምንም ካልጎደለ ያ ዘፈን እዚያ ቦታው አይደለም። ዘፈን ውስጥ ሰው ሐሳቡን መለወጥ፣ መወሰን፣ መዋሸት ወይም መታለል አለበት። የመጀመሪያው ዘፈን ደግሞ ሌላ ተጨማሪ ሥራ አለው፤ ለተመልካቹ «እዚህ ቤት መሳቅ ይፈቀዳል» ብሎ መንገር። ተመልካች በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ፈቃድ ካላገኘ ትከሻው እንደተገተረ ይቀራል።

አንድ ዘፈን ግን ቀልድ አልባ ይሁን። «ኦፐሬሽን ሚንስሚት» ውስጥ ሄስተር ሌጋት የምትባል አንጋፋ የቢሮ ጸሐፊ አለች። ለአስከሬኑ ኪስ የሚሆን የሐሰት የፍቅር ደብዳቤ መጻፍ ያስፈልጋል። ወጣቷ የሥራ ባልደረባዋ ስትሞክር አይሆንላትም። ሄስተር ትጀምራለች። ስለ አየሩ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ተራ ተራ ነገር ትጽፋለች። ቀስ እያለ ደብዳቤው ለሐሰተኛው መኮንን የተጻፈ እንዳልሆነ ይገባችኋል፤ የራሷ የሆነ፣ ሳይመለስ የቀረ ሰው ነበራት። ሄስተርን በመጀመሪያው ቡድን የተጫወተው ጃክ ማሎን የሚባል ወንድ ነው። ቀሚስ የለ፣ ዊግ የለ፣ ቀልድ የለ። እስከዚያ ድረስ ሲያስቃችሁ የነበረ ሰው ቆሞ ይዘፍናል። ማሎን በዚህ ሚናው ኦሊቪዬንም ቶኒንም ወስዷል። የእርጋታውን ዘፈን ከሁሉ በላይ ለሚያስቀው ተዋናይ ስጡ የምለው ለዚህ ነው። ድምፁ የሚያምረው ሌላ ሰው ቢኖርም።

4. ግጥምና ዜማ፦ ማን ይቅደም?

ጊልበርት ግጥሙን ጽፎ ይልካል፣ ሰሊቫን ዜማ ያወጣለታል። ለኮሜዲ ይህ ቅደም ተከተል ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቀልዱ ያለው ቃሉ ላይ ነውና። ዜማ ቀድሞ ከመጣ ግጥም ጸሐፊው ክፍተት ለመሙላት «እኮ»፣ «ነው»፣ «ወይኔ» እያለ ይሞላል።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የተመቸ ቋንቋ ነው። አረፍተ ነገሩ በግስ ስለሚዘጋ ቤት መምታት አያስቸግርም። ችግሩ ቀላልነቱ ነው፤ ተመልካቹ ቤት መምቻውን ቀድሟችሁ ይደርስበታል። ስለዚህ የቃሉን ድምፅ ይገምት፣ ነገሩን ግን አይገምት። ይህችን ተመልከቱ፦

ባሌ አይበገሬ ነው፣ አንበሳ የገደለ፤
ትናንት አይጥ አየና ቁም ሳጥን ላይ ተንጠለጠለ።

ሳቁ የሚጀምረው «አይጥ» ላይ ነው፣ የሚፈነዳው «ተንጠለጠለ» ላይ። አይጧን ወደ መጀመሪያው ስንኝ ብታመጧት ቀልዱ ሞተ። ዜማ ደራሲውም ይህን ማወቅ አለበት። «ተንጠለጠለ» ላይ መሣሪያዎቹ ሁሉ ከተንጫጩ ማንም አይሰማም።

ሌላው የላላና የጠበቀ ጉዳይ ነው። «ዶሮው ይበላል» ሲላላ ዶሮው ራሱ ጥሬ እየለቀመ ነው። ሲጠብቅ ዶሮው ወጥ ሆኗል። በንግግር አይምታታም። በዜማ ግን ኖታው ጥብቀቱን ከዋጠው ዶሮው ተጋባዥ ይሁን ምሳ አይታወቅም። ዘፈኑን ጨርሳችሁ ለማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ዘፍኑለት። የሰማውን ይጻፍ። ከግጥማችሁ ጋር አስተያዩ። የተሳሳተበት ቦታ ሁሉ የሚታረመው ዜማው ላይ ነው፣ ሰውዬው ላይ አይደለም።

ለሳቅ ቦታ መተው ደግሞ የአቀናባሪው ሥራ ነው። አዝማሪ ቤት ሄዳችሁ ታውቁ ይሆናል። አዝማሪው አንድ ስንኝ ይጥላል፣ ቤቱ ይስቃል፣ ማሲንቆው እየዞረ ይቆያል፣ ሳቁ በረድ ሲል ቀጣዩ ይመጣል። አይቸኩልም። እናንተም ከቀልዱ በኋላ የሚደጋገም አጭር ሙዚቃ አስቀምጡ፤ ባንዱ ሳቁ እስኪያልፍ ይዞረው። በቅጂ ሙዚቃ የምትሠሩ ከሆነ ይህ አይቻልም። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ኪቦርድ በቀጥታ የሚጫወት ሰው ይኑር። ለኮሜዲ ዘፈን ከስቱዲዮ ጥራት ይልቅ የሚጠብቅ ሙዚቀኛ ይበልጣል።

5. አዘጋጁ (ዳይሬክተሩ) ከውጭ ይምጣ

የጻፋችሁት እናንተ፣ የምትጫወቱት እናንተ ከሆናችሁ ከፊት ተቀምጦ የሚያያችሁ ሰው የግድ ነው። ስፒትሊፕ ወደ ዌስት ኤንድ ሲሻገር ዳይሬክተሩ ሮበርት ሄስቲ፣ ኬሮግራፈሯ (ውዝዋዜውን የምታወጣው) ጄኒ አርኖልድ፣ የመድረክና የአልባሳት ዲዛይነሩ ቤን ስቶንስ፣ የሙዚቃ አቀናባሪው ስቲቭ ሲድዌል ነበሩ። ጸሐፊዎቹ መድረኩ ላይ ነበሩ፣ ዓይኑ ግን የሌላ ሰው ነበር።

አዘጋጅ ስትመርጡ ቀልድ የሚችል ሰው አትፈልጉ። ቀልድ የሚችል ሰው ሞልቷችኋል። ፍጥነት የሚገባው፣ «ይህ ያስቃል፣ ግን ታሪኩን አስቆመው፤ ይውጣ» ለማለት ድፍረት ያለው ሰው ፈልጉ። ገና ሲገባም ሥልጣኑ ይታወቅ፦ ድርሰቱ ላይ ሐሳብ ይሰጣል፣ ውሳኔው የጸሐፊዎቹ ነው፤ መድረኩ ላይ ግን የመጨረሻው ቃል የሱ ነው። ጸሐፊ ሆኖ የሚጫወት ሰው በልምምድ መሐል ብዕር አውጥቶ ሲጽፍ ካያችሁ ተቆጡት። በልምምድ ሰዓት ተዋናይ ነው።

ኬሮግራፈሩን አታዘግዩ። የኮሜዲ ውዝዋዜ ውበት ብቻ አይደለም፤ ራሱ ቀልድ ነው። የ«ዘ ድራውዚ ቻፐሮን» ዳይሬክተርና ኬሮግራፈር አንድ ሰው ነው፣ ኬሲ ኒኮሎ። «ዘ ቡክ ኦፍ ሞርሞን» የሚባለውን የአሜሪካ ሙዚቃዊ ኮሜዲም በኬሮግራፈርነትና በተባባሪ ዳይሬክተርነት የሠራው እሱ ነው። በአጋጣሚ አይመስለኝም።

6. ተዋናይ ምርጫ፣ እና ማን ስንት ሰው ይሆናል

እኛ ዘንድ ድምፃዊውና ተዋናዩ ብዙ ጊዜ ተለይተው ነው ያደጉት። አንዱ ዘፍኖ ይወርዳል፣ ሌላው ተውኖ ይወርዳል። በሙዚቃ ኮሜዲ ሁለቱም አንድ ሰው ነው። ሁለቱን እኩል የሚችል ካጣችሁ ማንን ትመርጣላችሁ? እኔ ተዋናዩን እመርጣለሁ። ዜማ የሚይዝ ጆሮ ያለው ተዋናይ በሁለት ወር ልምምድ ለዘፈኑ ይደርሳል። ቀልድ የማይሰማ ጥሩ ድምፃዊ ግን በሁለት ዓመትም አይደርስም።

ለኦዲሽን «የምትወደውን ዘፈን ዝፈን» አትበሉ። ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ የማይረባ ጽሑፍ ስጡት፤ የውሃ ክፍያ ደረሰኝ ይሁን፣ የመድኃኒት ማዘዣ ይሁን። እንደ ትዝታ ከልቡ እያዘነ ይዝፈነው። ዓይኑን የሚጠቅስላችሁ፣ «ቀልድ ነው እኮ» የሚል ፊት የሚያሳያችሁ ሰው አይሆናችሁም። የምር አምኖ የሚያዝነው ነው የሚያስቀው። ሁለተኛ፣ ሦስት ሰዎች የሚነጋገሩበት አንድ ገጽ ስጡትና ለብቻው ሦስቱንም ይጫወት። ሦስተኛ፣ ሌላው ሲጫወት ዝም ብሎ ይቁም። ቆሞ የሚያዳምጥ ተዋናይ ብርቅ ነው። ብዙዎቹ የራሳቸውን ተራ ሲጠብቁ ፊታቸው ይነግርባቸዋል።

በጾታና በዕድሜ አትታሰሩ። «ኦፐሬሽን ሚንስሚት» ውስጥ ትዕቢተኛውን መኮንን ኢወን ሞንታጉን በመጀመሪያው ቡድን የተጫወተችው ናታሻ ሆጅሰን ናት። አለቃውን ቤቫንን የተጫወተችው ዞዊ ሮበርትስ ናት። አምስት ሰዎች ሁሉንም ሚና ሲካፈሉ ተመልካቹ በአምስት ደቂቃ ይለምደዋል፣ ከዚያ በኋላ ይደሰትበታል።

አሁን አንድ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ከላይ ወደ ታች ትዕይንቶቹን ጻፉ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የተዋንያኑን ስም። በየሳጥኑ ያ ተዋናይ በዚያ ትዕይንት ማንን እንደሚሆን ይጻፍ። ከሥሩ በቀይ ሁለት ነገር ጨምሩ፦ ከቀደመው ሚና ለመቀየር ስንት ሰከንድ አለው፣ ከየትኛው ጎን ወጥቶ በየትኛው ጎን ይገባል። ጉዱ የሚታየው ያኔ ነው። ትዕይንት 4 መጨረሻ ላይ በቀኝ የወጣው ባለሱቅ ትዕይንት 5 ላይ ፖሊስ ሆኖ በግራ ይገባል፤ ያለው ጊዜ ስምንት ሰከንድ። አይደርስም። መፍትሔው ሦስት ነው። ወይ ፖሊሱን ለሌላ ስጡ፣ ወይ መሐል ላይ የሚዘፈነውን አንድ ስንኝ አስረዝሙ፣ ወይ ደግሞ ሰውዬው መድረኩ ላይ በሁሉም ፊት ይቀየር። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ከሁለቱ የበለጠ ያስቃል።

ሙሉ ልብስ መቀየር አያስፈልግም። ለአንድ ገጸ ባሕርይ አንድ ምልክት ይበቃል፦ ባርኔጣ፣ መነጽር፣ ነጠላ፣ የተሰበሰበ ጃንጥላ። ከምልክቱ በላይ የሚሠራው ግን ሰውነት ነው። ለእያንዳንዱ ሚና አንድ አቋቋምና አንድ የድምፅ ከፍታ ወስኑለት። ባለሱቁ ሆዱን አስቀድሞ ይሄዳል፣ ፖሊሱ አገጩን። ተመልካቹ ባርኔጣው ቢወድቅም ማን እንደሆነ ያውቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አንድ ሰው ብዙ ሚና ሲይዝ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዘዬ ነው፤ የገጠር ሰው፣ የእንትን ብሔር ሰው፣ አማርኛው የሚሰባበር ሰው። ርካሽ ሳቅ ነው፣ ደግሞም ያስከፍላል። «ዘ ቡክ ኦፍ ሞርሞን» ታሪኩ ዩጋንዳ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ተከፍቶ ዘጠኝ ቶኒ ወስዷል። የዩጋንዳ ገጸ ባሕርያቱ አሳሳል ግን ለዓመታት አከራክሯል። የተጫወቱት ጥቁር ተዋንያን ቅሬታቸውን በ2020 በደብዳቤ አቀረቡ፣ ጸሐፊዎቹም በ2021 ከተዋንያኑ ጋር ተቀምጠው የተወሰኑ ቦታዎችን አሻሻሉ። እናንተ አሥር ዓመት አትጠብቁ። በመጀመሪያው ንባብ ላይ ያ ቀልድ የሚመለከተው ሰው ክፍሉ ውስጥ ይኑር።

7. ከመጋረጃ ጀርባ

እዚህ ላይ አልዘበዝብም። ሦስት ሰዎች ግን የግድ ናቸው።

ስቴጅ ማናጀሩ የመብራት፣ የድምፅና የመግቢያ ምልክቶችን ሁሉ አንድ ደብተር ላይ ይይዛል፣ በትዕይንቱ ሰዓት የሚያዘው እሱ ብቻ ነው። ኮሜዲ ላይ መብራቱ ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ከጠፋ ቀልዱ አለቀለት። ስለዚህ ከልምምዱ ከመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ይቀመጥ፤ የቀልዱን ምት እንደ ተዋናዩ ይወቀው። ሁለተኛው አልባሳት የሚያቀብል ሰው ነው። በአምስት ተዋናይ ሰማንያ ሰው ለመሆን ከጀርባ የተሰለፈ እጅ ያስፈልጋል። ሦስተኛው የድምፅ ባለሙያ። ብር ካጠራችሁ ከዲኮሩ ቀንሱና ማይክ ላይ አውጡት። ዲኮሩ ያልታየው ተመልካች ይስቃል፤ ግጥሙ ያልተሰማው አይስቅም።

8. ሳቁን ለኩ

ስፒትሊፕ ከ80 መቀመጫ ተነስቶ በሳውዝዋርክ ፕሌይሃውስና በሪቨርሳይድ ስቱዲዮስ አልፎ ነው ዌስት ኤንድ ፎርቹን ቴአትር የደረሰው። አራት ዓመት ነው። በየመሐሉ ይጻፋል፣ ይሰረዛል። የ«ዘ ቡክ ኦፍ ሞርሞን» ፈጣሪዎች ትሬይ ፓርከርና ማት ስቶን ከሦስተኛው ፈጣሪ ከሮበርት ሎፔዝ ጋር የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ተውኔቱ የተከፈተው በ2011። ኮሜዲ ቶሎ የሚደርስ የሚመስለው ለተመልካቹ ብቻ ነው።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጉት። መጀመሪያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማንበብ፣ በአንድ ኪቦርድ፣ ለአሥር ሰው። ቀጥሎ የመጀመሪያውን አጋማሽ ብቻ ቆሞ መሥራት። ከዚያ ሙሉውን፣ ያለ ዲኮር፣ ለማያውቋችሁ ሰዎች። «ለማያውቋችሁ» የሚለው ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። እናታችሁና የልጅነት ጓደኞቻችሁ ገና ስትወጡ ይስቃሉ። ሳቃቸው ፍቅር ነው፣ መረጃ አይደለም።

በየሙከራው ስልክ አዳራሹ መሐል አስቀምጡና ድምፁን ቅዱ። ማታ ስክሪፕቱን ይዛችሁ አዳምጡ። የተሳቀበት ሁሉ አጠገብ ምልክት አድርጉ፦ ሁሉም ከሳቀ ሁለት መስመር፣ ጥቂት ሰው ከሳቀ አንድ፣ ዝም ካለ ክብ። ሦስት ሙከራ ላይ ክብ ያገኘ ቀልድ ይውጣ፤ ማንም ቢወደው፣ የማንም ቢሆን። አንድ መስመር ያለው ግን ቶሎ አይሰረዝ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ቀልዱ ሳይሆን ከሱ በፊት ያለው አረፍተ ነገር ነው፤ ረዝሟል ወይም ቀልዱን ቀድሞ ተናግሮታል። ሁለት መስመር ካገኘው ቀልድ ቀጥሎ ያለውን ቃለ ተውኔትም ፈትሹ። ሳቁ ውስጥ የሰመጠ አስፈላጊ ወሬ ካለ ወደ ታች አውርዱት።

ማሻሻያው በማን በኩል እንደሚያልፍም ከወዲሁ ይታወቅ። ከሙከራው ማግስት ጸሐፊዎቹና አዘጋጁ ብቻ ይቀመጣሉ። ተዋንያኑ ሐሳባቸውን ለአዘጋጁ ይሰጣሉ። የተለወጠው ገጽ በስቴጅ ማናጀሩ በኩል፣ ቀን ተጽፎበት፣ ለሁሉም ይታደላል። በቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ትዕይንት 3 ላይ ያችን ቃል ቀይሬያታለሁ» የሚል መልእክት ከጀመረ በሳምንቱ አምስት ዓይነት ስክሪፕት ይኖራችኋል።

9. ተጠባባቂ ተዋናይ ያዙ

በትልቅ ቡድን አንድ ሰው ቢታመም ሌሎቹ ይሸፍኑታል። በአምስት ሰው ሥራ አንድ ሰው ሲጎድል አሥራ ምናምን ገጸ ባሕርይ ነው የሚጎድለው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ፣ ከተቻለ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተጠባባቂ ያዙ። ክፍያቸውም ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ሥራቸው ከሌላው አይቀልም፣ እንዲያውም ይከብዳል። አንዱን ሚና ብቻ ሳይሆን የሁለትና የሦስት ተዋናይ መንገድ በቃል ይይዛሉ።

ተጠባባቂው ከግድግዳው ወረቀት ላይ የእያንዳንዱን ተዋናይ ዓምድ ለየብቻ ይገልብጥ፦ መግቢያ፣ መውጫ፣ ባርኔጣው የተቀመጠበት ቦታ ሳይቀር። ከጎን ተቀምጦ ሲያይ አንድ ቀን የአንዱን፣ ሌላ ቀን የሌላውን ብቻ ይከተል። ዋናውን ተዋናይ እንዲቀዳ አታስገድዱት። አቋቋሙንና የዘፈኑን ምት ይጠብቅ፣ ቀልዱን ግን በራሱ አፍ ይበለው። የሌላ ሰው ሳቅ ተበድሮ የሚያስቅ የለም። ከመክፈቻው በፊት አንድ ሙሉ ልምምድ በአልባሳትና በመብራት የሱ ይሁን፣ ዋናው ተዋናይ ደግሞ አዳራሽ ተቀምጦ ይይ። ባርኔጣዎቹንም በሁለቱም ራስ ለኩ።